በሄርለን ምድር ስር የቀረው ሙቀት

ኔዘርላንድስ ሜዳማ አገር ናት ሲባል የሰማ ሰው ሊምበርግ ሲደርስ ይገረማል። በደቡብ ምሥራቅ ጥግ፣ በቤልጅየምና በጀርመን መካከል እንደ ምላስ ተስቦ የገባው ይህ ክፍለ አገር ኮረብታና ሸለቆ አለው። ከኮረብታውና ከሸለቆው ስር ደግሞ 300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው የድንጋይ ከሰል ንብብር በንብብር ተኝቷል። ከጀርመኗ አኸን ብዙ የማትርቀው የሄርለን ከተማ የተቀመጠችው በዚህ ከሰል ላይ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሮማውያን በመጀመሪያው ምዕተ ዓመት እዚህ ሰፍረው ቦታውን ኮሪዮቫሉም ብለውታል። ሁለት ዋና መንገዶች የሚገናኙበት ስለነበር መንገደኛው ትቢያውን የሚያራግፍበት የመታጠቢያ ቤት ሠሩ፤ ወለሉን ከስር በእሳት እያጋሉ ውሃውንም አየሩንም ያሞቁ ነበር። የዚያ መታጠቢያ ቤት ፍርስራሽ በ20ኛው ምዕተ ዓመት ተቆፍሮ ወጥቶ ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። ሮማውያን ከሄዱ በኋላ ሄርለን ለብዙ መቶ ዓመታት የገበሬ መንደር ሆና ኖረች። በጎረቤቷ በኬርክራደ ግን ከሰሉ ወደ መሬቱ ገጽ ቀረብ ስለሚል የሮልዱክ ገዳም መነኮሳት ያስቆፍሩት ነበር፤ በ18ኛው ምዕተ ዓመት ገዳሙ ብዙ ሠራተኞች ያሉት የከሰል ባለቤት ሆኖ ነበር።

የሄርለን ከሰል እንደዚያ ቀላል አልነበረም። እዚያ ለመድረስ መጀመሪያ ውሃ ባዘለ አሸዋ ውስጥ ማለፍ ያስፈልጋል። አሸዋው ሲቆፍሩት ይናዳል፤ የተቆፈረውንም ውሃ ወዲያው ይሞላዋል። ፍሪድሪኽ ሆኒህማን የተባለ ከአኸን አካባቢ የመጣ የማዕድን መሐንዲስ ለዚህ መላ ይዞ መጣ፦ ጉድጓዱን በጭቃ ውሃ ሞልቶ፣ ግድግዳው እንዳይደረመስ በጭቃው ክብደት ደግፎ፣ እየበሱ ቁልቁል መውረድ። አንሪ ሳሮሌያ የተባለ ተቋራጭ ደግሞ በ1896 የባቡር ሐዲዱን ወደ ከተማዋ አስገባ። ዛሬ ከባቡር ጣቢያው ወደ መሃል ከተማ የሚወስደው የገበያ መንገድ የሚጠራው በእሱ ስም ነው። በ1899 የንጉሣዊውን ቤተሰብ ስም ከያዘው ከኦራንየ-ናሳው ቁጥር 1 ማዕድን የመጀመሪያው ከሰል ወጣ።

ከዚያ ወዲህ መንደሪቱ መንደር መሆኗ ቀረ። በ1902 መንግሥት የራሱን የማዕድን ድርጅት አቋቋመ፤ በሚቀጥሉት ዓመታት ዊልሄልሚና፣ ኤማ፣ ሄንድሪክ እና ማውሪትስ የተባሉ አራት ትልልቅ ማዕድኖች በአካባቢው ተራ በተራ ተከፈቱ። ኦራንየ-ናሳውም ቁጥር 2፣ 3 እና 4ን ጨመረ። ሥራ ፈላጊው ከመላው ኔዘርላንድስ፣ ከጀርመን፣ ከፖላንድ፣ ከስሎቬኒያ፣ ከጣሊያን፣ በኋላም ከሞሮኮ ጎረፈ። ይህ ሁሉ ወጣት ወንድ ያለ ቤት፣ ያለ ዘመድ መምጣቱ ያሳሰባቸው ሄንሪ ፑልስ የተባሉ የካቶሊክ ቄስ ሠራተኛውን በማኅበር አደራጁ፤ አትክልት የሚተከልበት ጓሮ ያላቸው የሠራተኛ ሰፈሮች እንዲሠሩም ደከሙ። ከተማዋ ሀብታም ሆነች። በ1935 መሐንዲሱ ፍሪትስ ፐይትስ ለጨርቅ ነጋዴው ለሹንክ በመሃል አደባባዩ ያቆመው ባለ መስታወት የመደብር ሕንፃ የዚያን ዘመን ኩራት ዛሬም ያሳያል። ከሁሉ በላይ ግን ከሩቅ የሚታዩት የኦራንየ-ናሳው ሁለቱ ጭስ ማውጫዎች ነበሩ። ሕዝቡ ረጅሙ ያን እና ረጅሟ ሊስ ብሎ የሰው ስም ሰጥቷቸው ነበር፤ እያንዳንዳቸው ከ130 ሜትር በላይ ይዘልቃሉ።

ከምድር በታች የነበረው ሕይወት ሌላ ነው። ሠራተኞቹ በብረት ሊፍት ታጭቀው በመቶዎች ሜትር ወደ ታች ይወርዳሉ። እርስ በርሳቸው “ኩምፐል” ይባባላሉ፤ ባልንጀራዬ እንደ ማለት ነው። ሰላምታቸው ከጀርመን ቆፋሪዎች የተወረሰው “ግሉክ አውፍ” ነበር፤ በሰላም ለመውጣት ያብቃህ የሚል ምኞት አለበት። የከሰሉ ንብብር ብዙ ቦታ ላይ ቀጭን ስለሆነ ሰው በጉልበቱ ተንበርክኮ ወይም በጎኑ ተጋድሞ ይቆፍራል። የድንጋዩ ብናኝ በሳንባ ውስጥ ይቀመጣል። ከአደጋ የተረፈው ብዙው ሰው ጡረታ ሲወጣ ደረጃ መውጣት እንኳ ያቅተው ነበር፤ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ያለ ዕድሜው ያለፈው ብዙ ነው። ስለ ሄርለን ሙቀት የሚያወራ ሁሉ እነዚህን ሰዎች መዝለል የለበትም ብዬ አምናለሁ፤ ዛሬ ሕንፃዎችን የሚያሞቀው ውሃ የሚተላለፍባቸውን ዋሻዎች የቆፈሩት እነሱ ናቸውና።

እነዚህ ሰዎች በየቀኑ የሚታገሏቸው ሁለት ነገሮች ነበሩ። አንዱ ውሃ ነው። ከዓለቱ ስንጥቅ ሁሉ ይንጠባጠባል፤ ፓምፑ ሌሊትና ቀን ካልሠራ ማዕድኑ ይሰጥማል። ሁለተኛው ሙቀት ነው። ወደ መሬት ውስጥ በየ100 ሜትሩ በተወረደ ቁጥር የዓለቱ ሙቀት በ3 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። ከ700 ሜትር በታች የሚሠራ ሰው ሸሚዙን አውልቆ በላብ ተዘፍቆ ነበር የሚውለው፤ አየር ለማቀዝቀዝና ለማናፈስ ብዙ ገንዘብ ይወጣ ነበር። ያን ጊዜ ውሃውንም ሙቀቱንም እንደ ሀብት የሚቆጥር ሰው አልነበረም። ሁለቱም ወጪ ብቻ ነበሩ።

ከተማዋ በመስከረም 1944 ከናዚ ወረራ ነፃ ስትወጣ አገሪቱ ያለ ማገዶ ነበረች። በቀጣዮቹ ዓመታት የሊምበርግ ቆፋሪ እንደ ጀግና ተቆጠረ፤ ከሰል የቆፈረ አገሩን ሠራ ተባለ። ያ ክብር የቆየው ግን አሥራ አምስት ዓመት ያህል ብቻ ነው። በ1959 በሰሜኑ የግሮኒንገን ክፍለ አገር፣ ስሎክተረን በተባለ መንደር አጠገብ የተፈጥሮ ጋዝ ተገኘ። ከአውሮፓ ታላላቅ የጋዝ ክምችቶች አንዱ ነበር። ጋዝ ጭስ የለው፣ አመድ የለው፣ ተሸካሚ አይፈልግ፤ በቧንቧ ተጉዞ ወጥ ቤት ድረስ ይገባል። ከውጭ የሚገባው ከሰልና ነዳጅም ረክሷል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከአገሪቱ ጫፍ እስከ ጫፍ የጋዝ ቧንቧ ተዘረጋ።

በታኅሣሥ 17 ቀን 1965 የኢኮኖሚ ሚኒስትሩ ዮፕ ደን አውል ሄርለን መጥተው በከተማው ቲያትር ቤት ንግግር አደረጉ። በአዳራሹ የተቀመጡት የማዕድን ኃላፊዎች፣ የሠራተኛ ማኅበር መሪዎችና የከተማው ሹማምንት ነበሩ። ሚኒስትሩ ያመጡት ቃል ማዕድኖቹ ይዘጋሉ የሚል ነበር። ምትክ ሥራ ሳይገኝ የሚዘጋ እንደማይኖርም ቃል ገቡ። በቀጥታ በማዕድን የሚተዳደረው ሠራተኛ 45,000 ያህል ነበር፤ በእነሱ ላይ ተንጠልጥሎ የሚኖረው ነጋዴ፣ ሜካኒክ፣ ሾፌርና ዳቦ ጋጋሪ በዚህ ላይ ይጨመራል።

ምትክ ሥራው በተባለው ልክ አልመጣም። የመንግሥቱ ማዕድን ድርጅት ወደ ኬሚካል ሥራ ዞሮ ተረፈ፤ አንዳንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ከእነሱም መካከል ማዕከላዊው የስታቲስቲክስ ቢሮ፣ ቅርንጫፋቸውን ወደ ሄርለን አመጡ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ቆፋሪ ግን ቢሮ ገብቶ ቁጥር አይደምርም። በጥቅምት 1973 የአረብ ነዳጅ አምራቾች በኔዘርላንድስ ላይ ማዕቀብ ጥለው፣ በእሑድ ቀን መኪና መንዳት ተከልክሎ ሰው በባዶው አውራ ጎዳና ላይ በብስክሌት ሲሄድ እንኳ ማዕድን የመዝጋቱ ሥራ አልቆመም። በታኅሣሥ 1974 ኦራንየ-ናሳው ቁጥር 1 የመጨረሻውን ከሰል አወጣ። በኔዘርላንድስ የከሰል ቁፋሮ በዚያው አበቃ።

ቀጥሎ የመጣው የማፍረስ ዘመን ነው። “ከጥቁር ወደ አረንጓዴ” በሚል ስም ግንቦች ተናዱ፣ የከሰል ጥራጊ ኮረብታዎች ተደለደሉ፣ ሐዲዶች ተነቀሉ። ረጅሟ ሊስ ቀድማ ወደቀች፤ ረጅሙ ያን በነሐሴ 1976 ሕዝብ ቆሞ እያየ በፈንጂ ተናደ። ከኦራንየ-ናሳው ቁጥር 1 አንድ የጉድጓድ ግንብና የማንሻ ሞተሩ ያለበት ቤት ብቻ ቀረ። አስተዳዳሪዎቹ ቁስሉ ቶሎ እንዲሽር ፈልገው ይሆናል። እኔ ግን ያን ያህል መቸኮሉ በደል ነበር እላለሁ። የአባቱን የሥራ ቦታ ለልጁ ማሳየት ያልቻለ አንድ ሙሉ ትውልድ ተፈጠረ። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ሄርለን በአገሪቱ ጋዜጦች የምትነሳው በሥራ አጥነትና በሄሮይን ነበር፤ የባቡር ጣቢያው አካባቢ ሰው በፍርሃት የሚያልፍበት ሆነ።

ከምድር በታች ግን ማንም የማያየው ሥራ ቀጥሎ ነበር። ፓምፖቹ ሲቆሙ ውሃው ዋሻዎቹን መሙላት ጀመረ። ከድንበሩ ማዶ ያሉት የጀርመን ማዕድኖች እንዳይጥለቀለቁ ሲባል ኬርክራደ ላይ እስከ 1994 ውሃ ይሳብ ነበር፤ ጀርመኖቹም ሲዘጉ ያ ፓምፕ ቆመ፣ ውሃውም መውጣቱን ቀጠለ። ከሰሉ የወጣበት ቦታ አብዛኛው ጣሪያው ተደርምሶ ተዘግቷል፤ በጠንካራው ዓለት ውስጥ የተፈለፈሉት ዋና መተላለፊያዎች ግን ክፍት ሆነው ውሃ አቁረዋል። ውሃው በዓለቱ መካከል ሲቀመጥ የዓለቱን ሙቀት ይወስዳል።

ይህን ሙቀት ለሥራ ማዋል እንደሚቻል በትልቁ ካሳዩት ቀዳሚዎች አንዷ በካናዳ ኖቫ ስኮሺያ የምትገኘው ትንሿ ስፕሪንግሂል ናት። ያች ከተማ በከሰሏ ብዙ ልጆቿን ቀብራለች፤ በ1958 ብቻ መሬት ውስጥ በደረሰ መናድ 75 ሰዎች ሞተዋል፤ ትልቁ ማዕድኗ የተዘጋውም ከዚያ አደጋ በኋላ ነው። ሠላሳ ዓመት ቆይቶ፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ አንድ የፕላስቲክ ዕቃ ፋብሪካ ከተጥለቀለቁት ዋሻዎች ውሃ እየሳበ ሕንፃውን ማሞቅና ማቀዝቀዝ ጀመረ። ያ የአንድ ፋብሪካ ጉዳይ ነበር። ሄርለን ያሰበችው አንድ ከተማ ነው።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ የከተማው አስተዳደር በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ ሥራውን ጀመረ። የመጀመሪያው ጥያቄ የት ይቆፈር የሚለው ነበር። መልሱ የተገኘው ከመዝገብ ቤት ነው፤ የማዕድን ቀያሾች በየዓመቱ በጥንቃቄ የሳሏቸው ካርታዎች አልተጣሉም ነበር። በእነሱ እየተመሩ፣ ከመንገድ ዳር ተነስተው፣ 700 ሜትር ወደ ታች ወርደው፣ ወርዱ ጥቂት ሜትር ብቻ የሆነ ዋሻ መምታት ነበረባቸው። ግንቡ ፈርሶ፣ ኮረብታው ተደልድሎ፣ ሰዉም ተበትኖ ሳለ ወረቀቱ ባይተርፍ ኖሮ ይህ ሥራ አይሞከርም ነበር። እስከ 2008 ባለው ጊዜ አምስት ጉድጓዶች ተቆፈሩ። በሰሜን በኩል፣ ሄርለርሃይደ በተባለው ሰፈር፣ ከ700 ሜትር ጥልቀት 28 ዲግሪ ያህል ሙቀት ያለው ውሃ ተገኘ። በመሃል ከተማ በኩል ከ250 ሜትር ጥልቀት የሚመጣው 16 ዲግሪ ገደማ ነው። አምስተኛው ጉድጓድ ሥራውን የጨረሰው ውሃ ወደ መሬት የሚመለስበት ነው።

የከርሰ ምድር ሙቀት ሲባል አንባቢዬ ፍልውሃን ወይም አሉቶን ቢያስብ አይፈረድበትም። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው ራሱ ፈልቶ በሚወጣ ውሃ ዙሪያ ነው፤ አሉቶ ላይ ደግሞ እንፋሎቱ ተርባይን ለማዞር ይበቃል። የሄርለን ውሃ እንዲህ አይደለም። 28 ዲግሪ እጅ ቢነክሩበት ለብ ያለ ነው፤ ሻይ አያፈላም፣ ኤሌክትሪክ አያመነጭም። ይሁን እንጂ ውጪው በረዶ በሆነበት ወቅት ለብታው ብዙ ዋጋ አለው። ውሃው ራሱ ቤት ውስጥ አይገባም። ጨውና ብረት ስላለበት በሙቀት መለዋወጫ በኩል ሙቀቱን ለሌላ ንጹሕ ውሃ አስረክቦ ይመለሳል። ከዚያ የሙቀት ፓምፕ የሚባለው መሣሪያ ሥራውን ይረከባል። ይህ መሣሪያ ፍሪጅ ከሚሠራበት አሠራር የተለየ አይደለም፤ ፍሪጅ ከምግቡ ሙቀት ወስዶ በጀርባው በኩል ወደ ክፍሉ እንደሚያወጣው፣ ይኸኛውም ከውሃው ለብታ ወስዶ፣ በጥቂት ኤሌክትሪክ አጠናክሮ፣ ለቤቱ ወለል ያስረክባል። የቤቱ ግድግዳና መስኮት ሙቀት የማያስወጣ ሆኖ ከተሠራ፣ በወለሉ ውስጥ የሚዞረው ውሃ 35 ወይም 40 ዲግሪ ቢሆን ይበቃዋል። በበጋ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ የ16 ዲግሪው ውሃ ሕንፃዎቹን ያቀዘቅዛል።

በ2008 የሄርለርሃይደ ማዕከል መኖሪያ ቤቶችና የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ከዚህ ውሃ ሙቀት ማግኘት ጀመሩ። ሙቀቱን የሚያከፋፍለው ጣቢያ በዚህ መጠን ለአንድ ሰፈር በማዕድን ውሃ አገልግሎት ሲሰጥ በዓለም የመጀመሪያው ተባለለት። ቀጥሎ የተገናኘው የስታቲስቲክስ ቢሮው አዲሱ ሕንፃ ነው። ይህ ሕንፃ የቆመው በቀድሞው ኦራንየ-ናሳው ቁጥር 1 ግቢ፣ ከመፍረስ በተረፈው ግንብ አጠገብ ነው። ለከሰሉ ማካካሻ ተብሎ የመጣው መሥሪያ ቤት ከሰሉ ከወጣበት ጉድጓድ ሙቀቱን መቀበል ጀመረ።

መሬቱ ግን ሁልጊዜ ሰጪ አይደለም። በ2011 መጨረሻ ከመሃል ከተማ ብዙም በማይርቀው የ“ት ሎን” የገበያ ማዕከል ስር መሬቱ ሰመጠ። ሱቆቹ ተዘጉ፤ ከላይ ይኖሩ የነበሩ ቤተሰቦች እንዲወጡ ተደረገ፤ የሕንፃው አንድ ክፍል ፈረሰ። የተደረጉት ምርመራዎች ምክንያቱን ከቀድሞው የማዕድን ቁፋሮ ጋር አያይዘውታል። የሄርለን ሰው ከእግሩ በታች ያለው ባዶ ቦታ ቤቱን ሊያሞቅም ሊያፈርስም እንደሚችል በሦስት ዓመት ልዩነት አየ።

መሐንዲሶቹም በዚያው ጊዜ የራሳቸውን ስህተት እያረሙ ነበር። በመጀመሪያው ዕቅድ ማዕድኑ እንደ ምንጭ ነበር የታየው፤ ሞቃቱን ቅዳ፣ የበረደውን መልስ። ይህ ከቀጠለ ዓለቱ ሙቀቱን ከሚተካው ፈጥኖ ይወሰድበታል፤ ዋሻውም ከዓመት ዓመት እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ከ2012 እና 2013 ጀምሮ አሠራሩ ተለወጠ፤ ሥራውንም የከተማው አስተዳደር ባቋቋመው ማይንዋተር፣ ማለትም “የማዕድን ውሃ” በተባለ ኩባንያ ስር አደረጉት። አሁን ማዕድኑ ምንጭ መሆኑ ቀርቶ ጎተራ ሆነ። ሕንፃዎች በሰፈር በሰፈር ተያይዘው መጀመሪያ እርስ በርስ ይለዋወጣሉ። ኮምፒውተሮቹ ሌሊትና ቀን የሚግሉበት አንድ የጡረታ ፈንድ የመረጃ ማዕከል ሙቀት ይተርፈዋል፤ ትምህርት ቤቱ ወይም መኖሪያ ቤቱ ደግሞ ይፈልገዋል። የአንዱ ትርፍ ለሌላው ይሰጣል። ከዚያ የቀረው ብቻ ወደ ዋሻው ይወርዳል፦ የበጋው ሙቀት ለክረምት፣ የክረምቱ ቅዝቃዜ ለበጋ ይቀመጣል። ከሥራው ሁሉ ትልቁ ግኝት ይህ ነው እላለሁ። 28 ዲግሪውን መሬቱ ነው የሰጠው፤ ሙቀቱን ቆጥቦ መመለስን ግን ሰው ከስህተቱ ተምሮ ያመጣው ነው።

በዚህ መንገድ ሄርለን ብቻዋን አይደለችም። በብሪታንያ ከአራት ቤት አንዱ የቆመው በቀድሞ የከሰል ቀጠና ላይ ነው፤ በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ ያለችው ጌትስሄድ በ2023 ከ150 ሜትር ጥልቀት በሚሳብ የማዕድን ውሃ የሚሠራ 6 ሜጋዋት የሙቀት ፓምፕ ሥራ አስጀምራለች። በስፔን የአስቱሪያስ ቆፋሪዎች ከተማ ሚየረስም ሆስፒታሏንና የዩኒቨርሲቲ ግቢዋን እንዲሁ ታሞቃለች።

ሄርለንን ሥራ ያሳጣት ጋዝስ? በግሮኒንገን ጋዙ በወጣ መጠን መሬቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በነሐሴ 2012 ሁይዚንገ በተባለው መንደር 3.6 የተመዘገበ መንቀጥቀጥ ደረሰ፤ በአካባቢው እጅግ ብዙ ቤቶች ተሰነጣጠቁ። በ2018 መንግሥት ቁፋሮው እንዲቆም ወሰነ፤ በዚያው ዓመት አዲስ የሚሠሩ ቤቶች ከጋዝ ቧንቧ ጋር እንዳይገናኙ የሚያዝ ሕግ ወጣ። የግሮኒንገን ጋዝ በጥቅምት 1 ቀን 2023 መውጣቱን አቆመ፤ በሚያዝያ 2024 መስኩን ለዘለቄታው የሚዘጋው ሕግ ጸደቀ። በሄርለን፣ ቆፋሪዎች ያለ ሸሚዝ ይሠሩበት በነበረው 700 ሜትር ጥልቀት፣ ውሃው እንደቆመ ነው።